«የት ላይ?»፦ ጽሑፍን አንብቦ የመተርጎም ሥራ

ተማሪ ሳለሁ ስለ አንዲት አጭር ግጥም ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፌ አስረከብኩ። ግጥሟ የሰውን ልጅ ብቸኝነት እንደምትገልጥ፣ ገጣሚው ጥልቅ ስሜት እንዳለው፣ ቋንቋው ውብና ማራኪ እንደሆነ አትቻለሁ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ እርማትም ውጤትም የለበትም። በዳርቻው ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ ተደጋግማ ተጽፋለች፦ «የት ላይ?» «ብቸኝነት» ካልኩበት መስመር አጠገብ «የት ላይ?»፤ «ውብና ማራኪ» ካልኩበት አጠገብም «የት ላይ?»። ያን ቀን ተናድጄ ነበር። ስሜት እንዴት «የት» ተብሎ ይጠየቃል? ዛሬ ግን ስለ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት የማውቀውን ሁሉ በሁለት ቃል ንገረን ብትሉኝ ከዚያች ጥያቄ የተሻለ አላገኝም።

በዚህ የትምህርት ዘርፍ ሦስት ነገሮች አብረው ይጓዛሉ፦ ሥነ ጽሑፍ፣ ቋንቋ እና የንግግር ጥበብ። በየራሳቸው ክፍለ ጊዜ ስለሚሰጡ ለተማሪው የማይተዋወቁ ሦስት ትምህርቶች ይመስሉታል። በአንዱ ስለ ጭብጥና ስለ ገጸ ባሕርይ ይናገራል፤ በሌላው ግሥ ያረባል፤ በሦስተኛው አድማጭ እንዴት እንደሚያምን ይማራል። ግሥ ማርባቱ ከግጥም ንባቡ ጋር ምን እንደሚያገናኘው የሚያሳየው ካላገኘ፣ ተመርቆ ሲወጣም ላይገናኙለት ይችላሉ። ሦስቱ ግን የሚጠይቁት አንድ ነው፦ እነዚህ ቃላት፣ በዚህ ቅደም ተከተል ተሰድረው፣ በሰሚው ላይ ምን አደረጉ? በምን አደረጉት?

ከዚህ ጥያቄ መሸሻ ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው «ሁሉም እንደ መሰለው ይረዳል» የሚለው ነው። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፦ ደራሲው አንድ ምሥጢር ቀብሯል፤ መምህሩ የተቀበረበትን ያውቃል፤ የተማሪው ፈንታ መገመት ነው። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ የሚያሳርፉት ከአንድ ድካም ነው፤ ገጹን ደጋግሞ ከማየት። ትርጓሜ ከሁለቱም ይልቅ ሙግትን ይመስላል። ተሟጋች «እኔ እንዲህ ይሰማኛል» ብሎ አይረታም፤ ማስረጃ ይቆጥራል። ከአንድ ጽሑፍ ሁለት ሦስት የሚያስኬድ ትርጓሜ ሊወጣ ይችላል፤ ያ ማለት ግን የማያስኬድ ትርጓሜ የለም ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ነጠላው ንባብ

በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት አይ. ኤ. ሪቻርድስ የገጣሚው ስም ያልተጻፈባቸውን ግጥሞች ለተማሪዎቻቸው እየሰጡ የተረዱትን እንዲጽፉ ያደርጉ ነበር። የሰበሰቡትን በ1929 በመጽሐፍ አወጡት። እነዚያ ጥሩ ትምህርት ያገኙ ወጣቶች የተሰወረውን ምሥጢር ቀርቶ ግጥሙ በግልጽ የሚለውን እንኳ ይስቱ ነበር። አንዱ ግጥሙ የራሱን ትዝታ ስለ ቀሰቀሰበት ስለ ትዝታው ይጽፋል። ሌላው ሞት ወይም ፍቅር የሚል ቃል ሲያይ ለዚያ ጉዳይ ቀድሞ ያዘጋጀውን ስሜት አውጥቶ ይለጥፋል። ይህን የምናነሳው በእነሱ ለመሳቅ አይደለም። እኔ «ብቸኝነት» ብዬ የጻፍኩት ከየት መጣ? ግጥሟ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ነበር። እሱ ግን ሰው እየጠበቀ ነበር፤ ቀጠሮ ያለው ሰው ብቸኛ አይባልም። ነጠላውን ንባብ፣ ማለትም ቃሉ በቀጥታ የሚለውን፣ ዘልዬ ወደ ፍልስፍናው ሄጄ ነበር።

ይህ ጥንቃቄ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የግዕዙን ንባብ በአማርኛ የሚፈታው የአንድምታ ትርጓሜ ስሙን ያገኘው «አንድም» እያለ ተጨማሪ ፍቺ ከመደርደሩ ነው። «አንድም» የሚለው ቃል ብቻውን ሲታይ «የፈለጋችሁትን በሉ» የሚል ፈቃድ ይመስላል። ነገር ግን አንድም የሚመጣው ነጠላው ከተፈታ በኋላ ነው። ሌላም ቃል አለ፦ «እንዲል»። መምህሩ አንድ ፍቺ ሰጥቶ ጥቅስ ያመጣና «እንዲል» ብሎ ያስረዋል፤ ይህን ያልኩት እዚህ ቦታ እንዲህ ስለሚል ነው ማለቱ ነው። በወረቀቴ ዳር የተጻፈችው «የት ላይ?» ጥያቄዋ አዲስ መልሷ ግን አሮጌ እንደነበረ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ንባብ ሥራ አሰልቺ ቢመስልም አይታለፍም። ማን ተናገረ? ለማን? ምን ሆነ? የዚህ ግሥ ባለቤት የትኛው ስም ነው? «እሱ» የተባለው ከሁለቱ ሰዎች የትኛው ነው? መዝገበ ቃላት መግለጥ የሚያስፈልገው በማናውቀው ቃል ብቻ አይደለም፤ የምናውቀው በሚመስለን ቃል ጭምር ነው፤ ያውም በተለይ እሱ ላይ።

ለምን ይህኛው ቃል ሆነ?

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ በዚህ ሁሉ ውስጥ ዋናው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጸሐፊው ይህን ቃል ሲመርጥ የትኛውን ተወ?

የስዊዘርላንዱ የቋንቋ ሊቅ ፈርዲናንድ ደ ሶሱር ለዚህ ጥያቄ መሠረት የሚሆን ሐሳብ አስተምሮ ነበር። ሐሳቡ የታተመው እሱ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1916 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ያውም ባልደረቦቹ ከተማሪዎቹ ማስታወሻ አሰባስበው። ማስታወሻ መያዝ የሚሰለቸው ተማሪ ይህን ቢያስብ መልካም ነው። ሐሳቡ ሲጠቀለል ይህ ነው፦ የአንድ ቃል ዋጋ የሚታወቀው ከጎረቤቶቹ በሚለይበት ነገር ነው። «ሞተ» የሚለው ቃል ክብደቱን የሚያገኘው «አረፈ»፣ «አለፈ»፣ «ተቀሠፈ» የሚሉ ጎረቤቶች ስላሉት ነው። አራቱም አንድን ነገር ያወራሉ፤ ነገር ግን አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባ ሰው ለቅሶ ቤት ጠብ ሊያነሣ ይችላል።

ከዚህ ቀላል መሣሪያ ይወጣል፤ መለወጥ። ቃሉን አውጥተህ የሚቀርበውን አስገባ፤ ከዚያ የጠፋውን ነገር ተመልከት። ሦስት ዓረፍተ ነገሮች እንውሰድ፦ «በሩን ከፈተው።» «በሩ ተከፈተ።» «በሩ ተከፍቶ ነበር።» የተከፈተው ያው በር ነው። በመጀመሪያው ከከፋቹ ጋር ነን፤ እጁን እናያለን። በሁለተኛው «ተ» የምትባለው አንዲት ቅጥያ ከፋቹን ሰውራዋለች፤ እኛ ምናልባት ከውስጥ ሆነን በሩን እያየን ነው፤ ማን እንደሚገባ አናውቅም። በሦስተኛው ዘግይተናል፤ አንድ ነገር እኛ ሳንደርስ ሆኗል። ፍርሃት፣ ጉጉት፣ ጸጸት የሚባሉት ስሜቶች «የት ላይ» እንዳሉ ለጠየቀ መልሱ ይህ ነው፤ ግሡ ላይ ናቸው። የሰዋስው ትምህርት ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው እንጂ ለፈተና ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ግጥም እንሂድ። የሌላ ሰው ግጥም ከመበተን ለዚህ ማብራሪያ ብዬ ራሴ የገጠምኳትን ሁለት ስንኝ አቀርባለሁ፤ ብትበላሽም የእኔው ናት።

ልቤን ይዞ ሄዶ፣ ዝም ቢልብኝ ጊዜ፣
መልስ ነው ያልኩት እኔ፣ ሆኜ በትካዜ።

ነጠላው ንባብ ቀላል ነው፤ የተወደደው ሰው ሄዷል፤ አይናገርም፤ ተናጋሪው አዝኗል። ነገሩ ያለው «መልስ» ላይ ነው። የአማርኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ል» ላልቶ ሲነበብ ቃሉ ስም ነው፤ የጥያቄ መልስ። ጠብቆ ሲነበብ ግሥ ይሆናል፤ የወሰድከውን መልስ የሚል ትእዛዝ። በገጹ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብ ግን አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል።

ይህን ያየ ተማሪ «ኅብረ ቃሉ (ሁለት ትርጉም የያዘው ቃል) መልስ ነው፤ ሰሙ (ላይ ላዩ) የጥያቄ መልስ፣ ወርቁ (ውስጡ) ልቤን መልስ» ብሎ እዚህ ላይ ቢያቆም ያገኘው ግማሹን ነው። የሚቀጥለው ጥያቄ፦ ሁለቱን ንባቦች ማን ተሸከማቸው? የመጀመሪያውን የተሸከመው «ዝም» ነው፤ ዝም ካለ ሰው የሚፈለገው መልስ ነውና። ሁለተኛውን የተሸከመው «ይዞ ሄዶ» ነው፤ ይዞ ከሄደ ሰው የሚፈለገው መመለስ ነው። ሁለቱም ማስረጃቸው በአንድ መስመር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

አሁንም አላለቀም። «ልቤን ወሰደው» ማለት ብዙ ከመነገሩ የተነሣ ምስልነቱ የሞተ አባባል ነው፤ ስንሰማው ልብ የሚባል ዕቃ አይታየንም። «መልስ» ጠብቆ ሲነበብ ግን ያ የሞተ ምስል ድንገት ነፍስ ይዘራል፤ ልብ እንደ ተዋሱት ዕቃ ተወስዶ የሚመለስ ነገር ይሆናል። ተናጋሪው የሚለምን ሳይሆን ባለ ንብረት ሆኖ የሚጠይቅ ነው። ከልመና ወደ መብት የተሻገረው በአንድ ፊደል መጥበቅ ነው። «ዝም ቢልብኝ» የሚለውንም «ዝም ቢል» ብላችሁ ለውጡት። «ብኝ» ስትወጣ ዝምታው የእሱ ጠባይ ብቻ ይሆናል፤ ስትገባ በተናጋሪው ላይ የተፈጸመ በደል ነው። ባለ መብቱ ክሱን የጀመረው ገና እዚህ ነው።

አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህ ግጥም ስለ ሀገር ነው፤ ልብ የተባለው የሕዝብ አደራ ነው» ቢልስ? ሊሆን አይችልም አልልም። ነገር ግን «የት ላይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ከሁለቱ ስንኞች ውስጥ የሚያሳየው ቃል የለውም። ማስረጃውን ከውጭ ማምጣት ይኖርበታል፤ መቼ ተጻፈ፣ የት ተነበበ፣ የዘመኑ አንባቢ «ልብ» ሲባል ምን ይሰማ ነበር። ያን ካመጣ እንከራከራለን። ካላመጣ ግጥሙን ሳይሆን ራሱን እያነበበ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በነባሩ ትምህርት ተማሪው ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ከመግባቱ በፊት ቅኔ ቤት ይውላል፤ ሌላው የሠራውን ከመፍታቱ አስቀድሞ ራሱ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ይፈጥራል። እኔም እነዚህን ሁለት ስንኞች ለመግጠም ስታገል ነው የማንንም ግጥም ሳነብ ያላየሁትን ያየሁት። ገጣሚ ለመሆን ባያስብም ተማሪ አልፎ አልፎ መጥፎ ግጥም ቢጽፍ አይጎዳውም።

ስለ ዘይቤ ስሞች አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት የሚባሉትን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሐኪም የአካልን ክፍሎች ስም እንደሚያውቅ። ነገር ግን «ገጣሚው በሦስተኛው መስመር ሰውኛ ዘይቤ ተጠቅሟል» ብሎ የሚያበቃ ዓረፍተ ነገር፣ «በሽተኛው ጉበት አለው» ከሚል የሐኪም ማስታወሻ አይሻልም።

የሚናገረው ማን ነው?

በልብ ወለድ ውስጥ «እኔ» የሚለው ድምፅ ደራሲው አይደለም። ይህን ሁሉም ተማሪ ያውቀዋል፤ ከዚያ ወረቀቱን ሲጽፍ ይረሳዋል። ተራኪ የተፈጠረ ሰው ነው፤ ሊዋሽ፣ ሊሳሳት፣ የሚያየው ነገር ላይገባው ይችላል። ብዙ ጊዜ የታሪኩ ጣዕም ያለው ተራኪው በሚለውና እኛ በምናየው መካከል በሚፈጠረው ክፍተት ውስጥ ነው።

አማርኛ በዚህ ረገድ ለአንባቢ ደግ ቋንቋ ነው። የሰዎችን ግንኙነት በግሡ ጫፍ ላይ ጽፎ ያስቀምጣል። ይህችን ምልልስ ተመልከቱ፦

«ይቀመጡ።»
«እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»
«ደብዳቤውን አነበቡት?»
«አንብቤዋለሁ።»
«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ማንም አልጮኸም፤ ተራኪው «በቁጣ» የሚል ቃል አልጨመረም። «አሉ» መሆን የነበረበት «አልክ» ሆነ፤ በቃ። አክብሮቱ በአንድ ፊደል ፈረሰ። ግን ምን ሆኖ ነው የፈረሰው? ቁጣ ሊሆን ይችላል። ለዓመታት በአንቱታ የተሸፈነ ቅርበትም ሊሆን ይችላል፤ ሰው ሲጨንቀው የልጅነት አጠራሩ ያመልጠዋል። እዚህ ላይ የችኮላ ፍርድ አይሰጥም። የሚቀጥለው መስመር «ውጣልኝ» ከሆነና «ወንድሜ» ከሆነ ትርጉሙ ይለያያል። ጎበዝ ደራሲ ደግሞ የሚቀጥለውን መስመር ሊያዘገየው ይችላል፤ ያን ጊዜ ጥርጣሬው ራሱ የትረካው ሥራ ነው፤ ወረቀቱ ላይም «ያጠራጥራል» ብሎ መጻፍ ድፍረት እንጂ ድክመት አይደለም።

ጽሑፍ ሲያሳምን

የንግግር ጥበብ ጥናት ዕድሜው ረጅም ነው። አሪስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ማሳመን ሲያስተምር ሦስት መንገዶችን ለየ፦ የተናጋሪው ጠባይ የሚታመን ሆኖ መታየቱ፣ የአድማጩ ስሜት መነካቱ፣ የነገሩ አመክንዮ። ይህ በየትምህርት ቤቱ ይደገማል። ያን ያህል የማይደገመው፣ ለእኔ ግን የበለጠ የሚጠቅመኝ ሌላው ክፍፍሉ ነው። ንግግርን በሦስት ዐውድ ከፈለው፤ ለእያንዳንዱም ጊዜ ሰጠው። የፍርድ ቤት ንግግር ስላለፈው ነው፤ ማን አደረገ? የምክር ቤት ንግግር ስለሚመጣው ነው፤ ምን እናድርግ? የውዳሴና የነቀፋ ንግግር በአብዛኛው ስለ አሁኑ ነው፤ ይህ ሰው ምን ዓይነት ነው?

ይህን ይዛችሁ ማንኛውንም ሕዝባዊ ንግግር ስሙ። ስላለፈ ጥፋት የተጠየቀ ሰው «አሁን የሚያስፈልገን ወደፊት መመልከት ነው» ሲል ምን አደረገ? መልስ አልሰጠም፤ ችሎቱን ወደ ምክር ቤት ለወጠው። ተከሳሽ የነበረው ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር መካሪ ሆነ። ማስረጃው «ወደፊት» የሚለው ቃል ላይ ነው፤ ካለፈው ጊዜ ወደሚመጣው ዘለለ።

ወይም ሁላችንም የምናውቃትን ማስታወቂያ እንመልከት፦ «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።» መጉላላቱ «ተፈጠረ»፤ እንደዚያ በር ራሱን ከፈተ። ይቅርታ የሚጠይቁት ግን ብዙ ሰዎች ናቸው፤ «እንጠይቃለን»። አድራጊ የሌለው ጥፋትና አድራጊው የበዛ ትሕትና በአራት ቃላት ውስጥ ተገጣጠሙ። «እንደሚታወቀው» የምትለዋ ቃልም እንዲሁ ናት። ከኋላዋ የሚመጣው ነገር ብዙ ጊዜ በደንብ የማይታወቅ ነው፤ አድማጭ ግን አላውቅም ብሎ ለመታየት ስለሚያፍር ይውጠዋል። ግጥም ለመፍታት የተማርነው ዘዴ ሳይለወጥ ለማስታወቂያ ማገልገሉ ሦስቱ ትምህርቶች አንድ ናቸው ያልኩበት ምክንያት ነው።

ወረቀቱን መጻፍ

የተማሪ ወረቀት የሚወድቅበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ታሪኩን መልሶ መተረክ። መምህሩ መጽሐፉን አንብቦታል። ተማሪው መጻፍ ያለበት አስተዋይ አንባቢ «አይመስለኝም» ሊል የሚችልበትን ነገር ነው። «ይህ ግጥም ስለ ፍቅር ነው» ብሎ የሚከራከር ስለሌለ እሱን ማስረዳት ድካም ነው። «ይህ ግጥም እንደ ፍቅር ልመና ጀምሮ እንደ ንብረት ክስ ያልቃል» ቢል ግን የሚቃወም ይኖራል፤ ስለዚህ የሚጻፍ ነገር አለው።

ጥቅሱ ይጠር። አራት መስመር ጠቅሶ «ከላይ እንደምናየው» ማለት አንባቢውን አንተው ፈልገው ማለት ነው። አንዲት ቃል ጠቅሶ ስለ እሷ ሦስት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይሻላል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የሚያስቸግረውን መስመር አለመሸሽ። ሐሳባችንን የሚያፈርስ የሚመስል ቃል ጽሑፉ ውስጥ ካለ፣ እኛ ብንደብቀው አንባቢው ያገኘዋል። ብዙ ጊዜ የወረቀቱ ምርጥ አንቀጽ የሚወለደው ከዚያ መስመር ጋር በመታገል ነው።

ከፍ ባሉት ክፍሎች የሂስ ንድፈ ሐሳቦች ይመጣሉ፤ ቅርጻዊ፣ ማርክሳዊ፣ አንስታዊ፣ ድኅረ ቅኝ ግዛት እየተባሉ። እነዚህ የጥያቄ ዝርዝሮች ናቸው፤ ማን ይሠራል፣ ማን ያተርፋል፣ ማን አልተናገረም የሚያሰኙ። የሚጎዱት መልሳቸው ጽሑፉ ሳይነበብ የታወቀ ሲሆን ነው።

የደራሲው ሐሳብስ? ዊምሳት እና ቢርድስሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1946 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጽሑፍ፣ ደራሲው ሊል የፈለገው ነገር ለሥራው መመዘኛ ሊሆን አይገባም ብለው ተከራከሩ። ተማሪ ሲሰማው ድፍረት ይመስለዋል። ክርክሩም ዛሬ ድረስ አላበቃም፤ የጸሐፊውን ዘመንና ሕይወት ማወቅ ዓይን እንደሚከፍት የማይካድ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን እኔው ምስክር ልሁን። ከላይ ባሉት ስንኞች ውስጥ «መልስ ነው ያልኩት እኔ» የሚል አለ። ያቺን «እኔ» ያስገባኋት መስመሩ ስላጠረብኝ ነው፤ ቀለም (የስንኙን ልክ) ለመሙላት። ጽሑፉን ከማውጣቴ በፊት ያነበበ አንድ ጓደኛዬ ግን እሷን ይዞ መጣ። «እሱ ዝም ሲል የተናገርኩት እኔ ነኝ» ማለት ነው፤ በግጥሙ ውስጥ ከሁለቱ ሰዎች ድምፅ ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ ክሱም ተከሳሹ በሌለበት የሚሰማ ነው አለኝ። እንዲህ አላሰብኩም ነበር አልኩት። የት ላይ እንደሆነ ግን አሳይቶኛልና መከራከሪያ አላገኘሁም።